ተዳፋትን መለካትና በልኬቱ እርከን መቀየስ፦ ለወሎ ማሳዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በወሎ ተዳፋትን ሳያስብ የሚሠራ ሰው ጥቂት ነው። ገበሬው እርከን ሲያወጣ፣ መንገድ ሠሪው በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲቀይስ፣ ግንበኛው ከጦሳ ተራራ ግርጌ የቤት መሠረት ሲያስቆፍር፣ ሁሉም የሚፈልጉት አንድ ዓይነት ልኬት ነው፤ ይኸውም መሬቱ በተወሰነ ርቀት ውስጥ ምን ያህል እንደሚወጣ ወይም እንደሚወርድ የሚናገረው ነው። በትምህርት ቤትና በምህንድስና ቋንቋ ግራዲየንት የሚባለው ይኸው ሲሆን፣ ከመሬት አልፎ ለሙቀት፣ ለአየር ግፊትና ከቦታ ቦታ ለሚለዋወጥ ነገር ሁሉ ያገለግላል። ይህ መመሪያ ሌሎቹን አጠቃቀሞች ባጭሩ ያነሣና አብዛኛውን ቦታ ለእርሻ መሬት ይሰጣል፤ በወሎ ደጋና ወይና ደጋ የተሳሳተ ልኬት ከሁሉ ይልቅ ጉዳት የሚያደርሰው እዚያ ላይ ነውና።

የተዳፋት ቁጥር ብቻውን ሙሉ መልስ አይደለም። «ማሳው 20 በመቶ ነው» የሚል ሰው በየትኛው አቅጣጫና በምን ያህል ርቀት ላይ እንደለካ ካልተናገረ ንግግሩ ግማሽ ነው። በዚያው ማሳ ላይ ሌላው 5 በመቶ፣ ሦስተኛው 30 በመቶ ቢያገኙ ሦስቱም ሳይዋሹ ሊለያዩ ይችላሉ። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ደረጃዎች አብዛኞቹ ይህን ልዩነት ለማጥበብ የታሰቡ ናቸው።

ቁጥሩ ከምን እንደሚገኝ

የከፍታ ልዩነቱ ለአግድም ርቀቱ ይካፈልና በ100 ይባዛል። በ10 ሜትር አግድም ርቀት ውስጥ 2 ሜትር የሚወርድ መሬት 20 በመቶ ተዳፋት አለው፤ በምጣኔ መጻፍ የለመደ 1 ለ 5 ይለዋል፤ ማዕዘን የሚለካ ደግሞ 11.3 ዲግሪ ይለዋል። ሦስቱም አንድ ናቸው። የባቡር ሐዲድ ቀያሾች ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ በመቶኛ ፈንታ በሺህኛ ይጽፋሉ፤ ባቡር ኃይለኛ ዳገት ስለማይወጣ ነው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሃራ ገበያ መስመር ተራራውን በዋሻ እያለፈ የተሠራው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመቶኛና በዲግሪ መካከል ነው። 100 በመቶ ሲባል ቀጥ ያለ ገደል የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን 10 ሜትር ወደ ፊት ሲሄዱ 10 ሜትር መውጣት ማለት ነውና 45 ዲግሪ ብቻ ነው። 15 በመቶ 8.5 ዲግሪ፣ 30 በመቶ 16.7 ዲግሪ፣ 50 በመቶ 26.6 ዲግሪ፣ 60 በመቶ ደግሞ 31 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ስለዚህ በዲግሪ የተነገረውን 30 በመቶኛ አድርጎ የወሰደ ባለሙያ፣ በእውነቱ 58 በመቶ የሚጠጋውን ዳገት በ30 በመቶ ደንብ ያስተናግደዋል። በደብተር ላይ ከቁጥሩ አጠገብ «በመቶ» ወይም «ዲግሪ» ብሎ መጻፍ የአንድ አፍታ ሥራ ነው።

ርቀት ቁጥሩን እንዴት እንደሚለውጠው ለማየት ከደሴ ኮምቦልቻ ያለውን መንገድ መውሰድ ይበቃል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ በመኪና መንገድ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 650 ሜትር ለ25,000 ሜትር ሲካፈል 2.6 በመቶ ይወጣል። ጭነት ይዞ ሐረጎን የወረደ ሾፌር ይህን ቁጥር ቢሰማ ይስቃል፤ እሱ ፍሬኑን ሲፈራ የነበረው ከዚህ እጅግ በሚበልጥ ቁልቁለት ላይ ነውና። ቁጥሩ ግን አልተሳሳተም፤ ለጥ ያለውንም ጠመዝማዛውንም አንድ ላይ የያዘ አማካይ ነው። ማሳም እንዲሁ ነው፤ ከራስጌ እስከ ግርጌ በአንድ ልኬት የተጠቃለለ ማሳ መሐሉ ላይ ያለውን ኃይለኛ ቁልቁለት ይደብቃል።

በእነዚሁ ሁለት ከተሞች መካከል የሙቀት ግራዲየንትም አለ። አየር በየ1,000 ሜትር ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ የ650 ሜትሩ ልዩነት ብቻውን ወደ 4 ዲግሪ የሚጠጋ የሙቀት ልዩነት ያመጣል፤ ታች ማሽላ የሚዘራበት አገር ላይ ገብስ የሚዘራበት ለመሆኑ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በሒሳብ ትምህርት ግራዲየንት መጠንና አቅጣጫን አንድ ላይ የያዘ ነገር ሲሆን፣ ሁልጊዜ የሚያመለክተው ሽቅቡ ወደሚበረታበት አቅጣጫ ነው። ኮምፒውተሮች እንዲማሩ የሚደረግበት ስሌትም ከዚህ አቅጣጫ ተቃራኒ፣ ማለትም ወደ ታች፣ ደረጃ በደረጃ በመውረድ የሚሠራ ነው። በገጠር ይህን ስሌት ያለ ትምህርት የሚሠራው ጎርፍ ነው።

መሣሪያውን ማዘጋጀት

ለአንድ ቀበሌ ሥራ የገመድ ውሃ ልክ ይበቃል። የሚያስፈልጉት ሁለት ቀጥ ያሉ ባለ 2 ሜትር ዘንጎች፣ ከ10 ሜትር ጥቂት የሚረዝም ሲባጎ፣ በሁለት ጫፉ መንጠቆ ያለውና ገመድ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ውሃ ልክ፣ ሜትርና ችካሎች ናቸው። ዘንጉ የባሕር ዛፍ ከሆነ በደንብ የደረቀ ይሁን፤ እርጥቡ ጥላ ሥር ቀጥ ብሎ ውሎ ፀሐይ ሲያገኘው ይጎብጣል። ከታች ጫፉ ጀምሮ በየ10 ሴንቲሜትሩ በቀለም፣ በመካከሉ ደግሞ በየ5 ሴንቲሜትሩ በቀጭን ጭረት ምልክት ያድርጉበት። ሲባጎው ናይለን ቢሆን ይመረጣል፤ የጥጥ ገመድ በጠዋት ጤዛ ሲርስ ርዝመቱ ይለወጣል። 10 ሜትሩ የሚለካው ገመዱ ተወጥሮ ነው፤ መሐሉ 5ኛው ሜትር ላይ ውሃ ልኩ የሚንጠለጠልበት ቋጠሮ ወይም የቀለም ምልክት ይደረጋል።

ውሃ ልኩ በትክክል መሐል ላይ መሆን ያለበት ምክንያት አለው። የቱንም ያህል ቢወጠር ገመድ መሐሉ ላይ ትንሽ ይረግባል፤ በዚህም የተነሣ ከመሐሉ ወዲህና ወዲያ ያለው ገመድ በተቃራኒ አቅጣጫ ያዘነበለ ነው። ከገመዱ ሁለት ጫፎች ዝንባሌ ጋር የሚስማማው መሐሉ ብቻ ነው። ውሃ ልኩ ከዚያ ግማሽ ሜትር ቢሸሽ አረፋው ሐሰት ይናገራል።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት ውሃ ልኩ ራሱ ይፈተናል። በሁለት ችካሎች መካከል ገመዱን ወጥረው አረፋው መሐል እስኪገባ አንዱን ጫፍ ያስተካክሉ፤ ከዚያ ገመዱን ሳይነኩ ውሃ ልኩን ብቻ አውጥተው ፊቱን አዙረው መልሰው ይስቀሉት። አረፋው እንደገና መሐል ከገባ ደኅና ነው፤ ካልገባ ሌላ ውሃ ልክ ይፈለግ፣ ከጠፋም እያንዳንዱን ልኬት ሁለት ጊዜ፣ ውሃ ልኩን አዙሮ በመውሰድ አማካዩ ይያዝ።

ተዳፋቱን መለካት

ሥራው ሦስት ሰው ይጠይቃል፤ ሁለቱ ዘንግ ይይዛሉ፣ ሦስተኛው መሐል ቆሞ አረፋውን ያነባል። ነፋስ ገመዱን ስለሚያወዛውዘው ጠዋት ነፋሱ ሳይነሣ መሥራት ይሻላል።

በመጀመሪያ ማሳውን ከግርጌ ቆመው ይዩትና ተዳፋቱ የሚቀየርባቸውን ቦታዎች ይለዩ። ለጥ ያለው፣ የሚበረታው፣ እንደገና የሚላላው ክፍል እያንዳንዱ ለብቻው ይለካል፤ በአንዱም ክፍል ውስጥ ሁለት ሦስት ቦታ መለካት ይገባል።

ቀጥሎ ከላይ ያለው ሰው ዘንጉን ቀጥ አድርጎ ያቆማል፤ ገመዱን ከዘንጉ ሥር፣ ማለትም ከዜሮው ምልክት ላይ ይይዛል። ሣር ወይም ድንጋይ የሚነካው ከሆነ 20 ወይም 50 ሴንቲሜትር ላይ ይያዝና በኋላ ይቀነሳል። ታች ያለው ሰው ገመዱ እስኪወጠር ወደ ቁልቁለቱ ይወርድና ዘንጉን ያቆማል። ዘንግ ጓል ላይ ወይም ትልም ውስጥ መቆም የለበትም፤ የማረሻ ትልም ብቻውን 10 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ሊያሳስት ይችላል።

መሐል ያለው ሰው አረፋውን እያየ «ከፍ አድርግ»፣ «ዝቅ»፣ «ትንሽ ከፍ»፣ «ቁም» ይላል፤ ታች ያለውም ገመዱን በዘንጉ ላይ እንዲሁ ያንሸራትታል። አረፋው በሁለቱ መሥመሮች መሐል ሲቆም ታች ባለው ዘንግ ላይ ካለው ንባብ የላይኛው ንባብ ሲቀነስ የከፍታ ልዩነቱ ይገኛል። በ10 ሜትር ገመድ እያንዳንዱ 10 ሴንቲሜትር 1 በመቶ ስለሆነ ማካፈል አያስፈልግም፤ 1 ሜትር ከ40 ሴንቲሜትር ካነበቡ ተዳፋቱ 14 በመቶ ነው።

ቁልቁለቱ ከ20 በመቶ ሲበልጥ ባለ 2 ሜትሩ ዘንግ አይበቃም። ያን ጊዜ ገመዱ ወደ 5 ሜትር ያጥራል፣ ውሃ ልኩም ወደ አዲሱ መሐል ይዛወራል፤ አሁን እያንዳንዱ 5 ሴንቲሜትር 1 በመቶ ነው። ከ40 በመቶ በላይ ለሆነው 2 ሜትር ተኩል ገመድ ይጠቀሙ።

የዚህ መሣሪያ ትልቁ ጥቅም ገመዱ ራሱ አግድም መሆኑ ነው። ሜትሩን መሬት ላይ ዘርግቶ የሚለካ ሰው የሚያገኘው የገጹን ርቀት ነው፤ ለጥ ባለ መሬት ልዩነቱ አይታወቅም፣ ዳገት ላይ ግን ይከፋል። በ30 በመቶ ተዳፋት 10 ሜትር አግድም ርቀት በገጹ 10.44 ሜትር ሲሆን፣ በ60 በመቶ 11.66 ሜትር ይደርሳል። 60 በመቶ የሆነውን መሬት በገጹ ርቀት ያሰላ ሰው 51 በመቶ ብቻ ያገኛል፤ ከ60 በመቶ ጥቂት የሚበልጠውም እንዲሁ ከ60 በታች መስሎ ይታየዋል፤ ይህ ደግሞ ከታች እንደሚታየው ውሳኔ ይለውጣል።

አቅጣጫውን ማረጋገጥ

ልኬቱ ትርጉም የሚኖረው ቁልቁለቱ በሚበረታበት አቅጣጫ፣ ማለትም ውሃ ቢፈስ በሚሄድበት መንገድ ሲወሰድ ነው። ከዚያ በ60 ዲግሪ ዞር ብሎ የለካ ሰው የተዳፋቱን ግማሽ ብቻ ያገኛል፤ በ90 ዲግሪ የዞረ ደግሞ ዜሮ ያገኛል። ያ የዜሮ አቅጣጫ ስህተት ሳይሆን እርከን የሚሠራበት መስመር ነው።

ማሳው ወደ ሁለት ጎን ያዘነበለ ሲሆን ትክክለኛውን አቅጣጫ በዓይን ማወቅ ያስቸግራል። እንዲህ ሲያጋጥም ከአንድ ችካል ተነሥተው አንዱን ልኬት በማሳው ርዝመት፣ ሌላውን በ90 ዲግሪ ማዕዘን ወደ ጎን ይውሰዱ። የሁለቱ ቁጥሮች ካሬ ተደምሮ የሚወጣው ካሬ ሥር ትክክለኛው ተዳፋት ነው። በርዝመቱ 12 በመቶ፣ ወደ ጎን 5 በመቶ ቢገኝ 144 እና 25 ተደምረው 169 ይሆናሉ፤ የ169 ካሬ ሥር 13 ነውና ማሳው 13 በመቶ ነው። አቅጣጫውን ለማግኘት ደግሞ ከችካሉ በርዝመቱ መስመር 12 ርምጃ ወደ ቁልቁለቱ፣ ከዚያ 5 ርምጃ በጎን ወደሚወርድበት ይራመዱ፤ ከችካሉ እስከ ቆሙበት ያለው መስመር የጎርፉ መንገድ ነው። ይህን ፈተና ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ማሳ ላይ ማሠራት ከሰሌዳው ትምህርት የበለጠ በአእምሯቸው ይቀራል ብዬ አምናለሁ።

ከቁጥሩ ወደ ውሳኔ

ተዳፋት ሲጨምር የአፈር መሸርሸሩ ከዚያ በበለጠ ፍጥነት ያድጋል። ለኢትዮጵያ ሁኔታ ተስማምቶ በተዘጋጀው የአፈር መሸርሸር ስሌት 10 በመቶ ተዳፋት 1 ነጥብ ሲሰጠው፣ 5 በመቶ 0.4፣ 30 በመቶ ደግሞ 3 ይሰጠዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ዕውቀት ወሎ የራሱ ድርሻ አለው፤ በደሴ አቅራቢያ በምትገኘው ማይባር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው።

ሕጉም በተዳፋት ይለካል። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 እስከ 30 በመቶ ያለው መሬት በአፈርና ውሃ ጥበቃ እንዲለማ፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ ያለው ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት ጠረጴዛማ እርከን ከተሠራበት ብቻ እንዲሆን፣ ከ60 በመቶ በላይ የሆነው ደግሞ ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ ሳይሆን ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ እንዲውል ደንግጎ ነበር። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በሌላ ስለተተካ ለአከራካሪ ቦታ የወረዳውን የመሬት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል። የገጽና የአግድም ርቀት ልዩነት በ51 እና በ60 መካከል ያመጣው ክፍተት ለምን ቀላል እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

በእርከኖች መካከል ያለውን ርቀት ለመወሰን መነሻው ከአንዱ እርከን እስከ ቀጣዩ ያለው የከፍታ ልዩነት ነው። ከ15 በመቶ በታች ለሆነ መሬት 1 ሜትር ይወሰዳል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ሊቆፈር የሚችለው አፈር ጥልቀት በ2.5 ይባዛል። የከፍታ ልዩነቱ ለተዳፋቱ ሲካፈል አግድም ርቀቱ ይገኛል። 12 በመቶ በሆነ ማሳ 1 ሜትር ለ0.12 ሲካፈል 8.3 ሜትር ነው። 25 በመቶ በሆነና 60 ሴንቲሜትር አፈር ባለው ማሳ የከፍታ ልዩነቱ 1.5 ሜትር፣ ርቀቱም 6 ሜትር ይሆናል። አፈሩ 40 ሴንቲሜትር ብቻ ከሆነ ርቀቱ ወደ 4 ሜትር ይወርዳል።

እዚህ ላይ ቀመሩና ገበሬው ይጋጫሉ። ስፋቱ 1 ሜትር የሆነ እርከን በየ6 ሜትሩ ሲደገም ከማሳው አንድ ስድስተኛውን ይወስዳል፤ በ4 ሜትር ውስጥ ደግሞ ጥማድ በሬ ማዞር አይቻልም። በእኔ እምነት የማሳው ባለቤት ተስማምቶበት ርቀቱ በመጠኑ ቢሰፋ ይሻላል፤ በቀመሩ ልክ ተሠርቶ በሚቀጥለው ዓመት ታርሶ ከሚፈርስ እርከን ሰፋ ብሎ የሚጠበቅ እርከን አፈር ይይዛል።

መስመሩን መቀየስ

ቅየሳው ከማሳው ራስጌ ይጀምራል፤ ከላይ የሚመጣ ጎርፍ ካለም አስቀድሞ መቀልበሻ ቦይ ያስፈልጋል። በወሎ የበልግ ዝናብ ስላለ ሥራው ከአጨዳና ውቂያ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት ቢያልቅ ነው የሚመረጠው።

ልሙጥ እርከን፣ ማለትም ወደ የትኛውም ጎን የማያዘነብል፣ ለመቀየስ በሁለቱም ዘንጎች ገመዱ 1 ሜትር ላይ ይታሰራል። የመጀመሪያው ዘንግ ችካሉ ላይ ይቆማል፤ ሁለተኛው ገመዱን ወጥሮ አረፋው መሐል እስኪገባ ወደ ላይና ወደ ታች ይራመዳል። አሁን የሚንቀሳቀሰው ሰውየው ከነዘንጉ ነው፤ ገመዱ አይነካም። አረፋው ሲቆም ችካል ይመታል፣ የመጀመሪያው ዘንግ ወደ አዲሱ ችካል ይመጣል፣ እንዲህ እያለ እስከ ማሳው ወሰን ይሄዳል። ሸለቆማና ጎርበጥባጣ ቦታ ላይ በ10 ሜትር ፈንታ በ5 ሜትር መሄድ ያስፈልጋል።

ዝናብ በሚበዛበትና ውሃ በሚተኛበት ጥቁር አፈር ግን ልሙጥ እርከን ሰብሉን ያሰጥማል፤ መስመሩ ከግማሽ እስከ 1 በመቶ ወደ ውሃ መውረጃው ማዘንበል አለበት። ለግማሽ በመቶ በ10 ሜትር 5 ሴንቲሜትር ስለሚያስፈልግ ወደ ውሃ መውረጃው ባለው ዘንግ ላይ ገመዱ 1 ሜትር ከ5 ሴንቲሜትር፣ በሌላው 1 ሜትር ላይ ይታሰራል። ዘንጎቹ ከተለዋወጡ እርከኑ ወደ ተሳሳተው ጎን ይፈሳልና ወደ ውሃ መውረጃው የሚቆመውን ዘንግ በቀይ ጨርቅ መለየት ይጠቅማል። ገበሬው በማረሻ የሚያወጣው ፈሰስ ብዙ ጊዜ ከዚህ በጣም የበረታ ቁልቁለት ስላለው ቦረቦር ይጀምራል። ውሃ መውረጃ የሌለው ዘንበል ያለ እርከን ደግሞ ጎርፉን ሰብስቦ የጎረቤት ማሳ ላይ ይደፋዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጉዳይ የሽማግሌ ነው።

ቀጣዩን እርከን ለማግኘት፣ የተወሰነው የከፍታ ልዩነት 1 ሜትር ከሆነ፣ የላይኛው ሰው ገመዱን 50 ሴንቲሜትር፣ የታችኛው 1 ሜትር ከ50 ላይ ይይዛል፤ አረፋው መሐል ሲገባ በመካከላቸው ያለው ልዩነት በትክክል 1 ሜትር ነው። ርቀቱ ከ10 ሜትር ካነሰ ገመዱ ይታጠፍ፣ ውሃ ልኩም ወደ አዲሱ መሐል ይሂድ።

ችካሎቹ ተተክተው ሲያልቁ መስመሩ ይንቀጠቀጣል። እያንዳንዱን ችካል ከግማሽ ሜትር ባልበለጠ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በማዛወር በሬ የሚከተለው ለስላሳ መስመር ማድረግ ይቻላል፤ ውሃ በሚሰበሰብበት ሸለቆ ላይ ያለው ችካል ግን ወደ ታች አይወርድም፣ ካቡም እዚያ ላይ ከፍ ይላል።

በካርታና በስልክ

ለአንድ ተፋሰስ ጥናት 1 ለ 50,000 ካርታ ይጠቅማል። በእነዚህ ካርታዎች ላይ በሁለት ተከታታይ የከፍታ መስመሮች መካከል 20 ሜትር ልዩነት ካለ፣ መስመሮቹም በካርታው ላይ 4 ሚሊሜትር ከተራራቁ፣ በመሬት ላይ 200 ሜትር ነውና ተዳፋቱ 10 በመቶ ነው። የስልክ መተግበሪያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዲግሪ ያነባል፤ ስልኩን በቀጥታ መሬት ላይ ሳይሆን መሬቱ ላይ በተጋደመው ባለ 2 ሜትር ዘንግ ላይ ያሳርፉት። ተዳፋትን ለመገመት ይረዳል፤ ግማሽ በመቶ ግን ከ0.3 ዲግሪ ያነሰ ስለሆነ እርከን ለመቀየስ አይታመንም።

ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ

የበልጉ የመጀመሪያ ኃይለኛ ዝናብ እንዳባራ እርከኑን ከጫፍ ጫፍ ይሂዱበት። በልሙጥ እርከን ውሃው በእኩል ጥልቀት መተኛት አለበት፤ በአንድ ቦታ ተጠራቅሞ ከሆነ ያ ቦታ ዝቅ ያለ ነውና ሲደርቅ አፈር ተጨምሮ ካቡ ከፍ ይላል። ውሃ ካቡን ዘልሎ ያለፈበት ቦታ ካለ ወዲያው ችካል ይተከልበትና ሁለቱ ዘንጎችና ገመዱ ተመልሰው መጥተው ከዚያ ችካል ወዲህና ወዲያ 10 ሜትር ይለካ።